ማሲንቆ ለጀመራችሁ ልጆቼ

ልጆቼ፣ «ፍላጎት ካለኝና ከተለማመድኩ የማልችለው ነገር አለ ወይ?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። መልሱን በማሲንቆ ልንገራችሁ። ወሎ ላይ ተቀምጦ ሌላ ምሳሌ ፍለጋ መውጣት አይገባም፤ ከአራቱ ቅኝቶች፣ ማለትም ዜማ ከሚሠራባቸው የድምፆች ስብስቦች፣ ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸው የዚሁ የወሎ ቦታዎች ስም ነው።

የማሲንቆው ክር የፈረስ ጭራ ነው፤ ሲጫወቱት የአንገቱን እንጨት አይነካም። ጣት የሚያርፍበት ምልክትም የለውም፤ ቦታውን የሚፈልገው ጆሮ ነው። ጀማሪ ግን ጭራውን እንደ ጊታር ክር ወደ እንጨቱ ይጫነዋል። ያን ጊዜ ጭራው ይወጠርና ድምፁ ሽቅብ ይሸሻል። ልጁ «ጆሮ የለኝም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ጥፋቱ ግን የጣቱ ክብደት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ጭራው ላይ ለሚጎተተው ደጋን ብቻ ስጡ። በቀን 10 ደቂቃ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አንዱን ጉተታ እስከ 8 እየቆጠራችሁ። ደጋኑ ድምፅ ሳያወጣ ከተንሸራተተ ሙጫ አንሶታል። በክረምት ድምፁ ከታፈነ ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ላልቷልና ፀሐይ አሳዩት፤ እጃችሁን አትውቀሱ።

ከዚያ ቅኝት ይመጣል፤ ፈተናውም እዚህ ላይ ነው። አምባሰልና ሌላው ቅኝት አንቺ ሆዬ ከአንድ መነሻ ሲቃኙ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ድምፆቻቸው አንድ ናቸው። በአንቺ ሆዬ አራተኛው ግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ አምስተኛው ግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል። ብዙ ልጆች አምባሰል ጀምረው ሳያውቁት ወደ አንቺ ሆዬ የሚንሸራተቱት አራተኛዋ ላይ ጣታቸው ስለሚያጥር ነው።

ይህ ሲሆን ዜማውን ከመጀመሪያው አትድገሙት። ከመነሻው የሚደጋግም ሰው የሚያውቀውን ያጠነክራል፤ ስህተቱም አብሮ ይጠነክራል። ከሦስተኛው ወደ አራተኛው፣ ተመልሶ ወደ ሦስተኛው፤ ይህችን ብቻ በዝግታ 20 ጊዜ። ስልካችሁ ላይ ቅዱትና በክራር ከተቃኘው ጋር አስተያዩት። ጠዋት 20 ደቂቃ፣ ማታ 20 ደቂቃ ቅዳሜ ከሚደረግ የሦስት ሰዓት ልፋት ይበልጣል፤ የደከመ እጅ የሚማረው ስህተቱን ነውና።

ታዲያ ሁሉም ሊቅ ይሆናል? አይሆንም፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት የበርሊን ቫዮሊን ተማሪዎች ጥናት፣ ምርጦቹ እስከ 20 ዓመታቸው በአማካይ 10,000 ሰዓት ያህል ተለማምደው ነበር። ሰው ይህን አማካይ እንደ ሕግ ያዘው። እ.ኤ.አ. በ2014 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ባለሙያዎች ግን በሙዚቃ ችሎታ ሰው ከሰው ከሚለይበት ውስጥ ልምምድ የሚያስረዳው 21 በመቶ ያህሉን እንደሆነ አገኙ። አምባሰልን እንደ ማሪቱ ለገሠ ማንቆርቆር ለሁሉ አልተሰጠም። ከቅኝቱ ሳይወጡ አንድ ዜማ መጨረስ ግን፣ በእኔ እምነት፣ እጁና ጆሮው ጤነኛ የሆነ ሁሉ የሚደርስበት ነው።

ዛሬ ማታ አራተኛዋን ድምፅ መጀመሪያ በአፋችሁ አዚሟት፤ ጣታችሁን ከዚያ በኋላ አሳርፉ።