የክሎሪን ዱቄት ሲሞቅ ምን ይሆናል? ጥያቄና መልስ

መልሶቹ የከተማ ውሃ አገልግሎቶች ለሚጠቀሙበት የክሎሪን ዱቄት፣ ማለትም ለ65 በመቶ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ናቸው።

ዱቄቱ ራሱ ይነዳል?

አይነድም፣ ሌላውን ያነዳል። ሲሞቅ ይፈርስና ኦክስጅን ይለቃል፤ የሚተርፈው በዋናነት ካልሲየም ክሎራይድ ነው። አንድ ኪሎ ሙሉ በሙሉ ቢፈርስ 110 ሊትር ያህል ኦክስጅን ይወጣዋል፤ 45 ኪሎ በርሜል ደግሞ ወደ 5000 ሊትር። እንጨት፣ ካርቶን ወይም ዘይት አጠገቡ ካለ በዚህ ኦክስጅን በኃይል ይቀጣጠላል።

የሚፈርሰው በ180 ዲግሪ ገደማ ነው ይባላል። መጋዘናችን እዚያ አይደርስም፤ ምን ያሰጋናል?

ይህ ቁጥር ብዙዎችን ያዘናጋል። 180 ዲግሪ ፍርሰቱ በፍጥነት የሚሄድበት ነው፤ ከዚያ በታችም ቀስ እያለ ይፈርሳል፣ ሲፈርስም ሙቀት ያመነጫል። ሙቀቱ የሚመነጨው ከክምሩ ሁሉ ነው፣ የሚወጣው ግን በዳር ብቻ። ስለዚህ ክምሩ በተለቀ ቁጥር መሃሉ ይግላል፣ ግለቱ ፍርሰቱን ያፋጥናል፣ መጨረሻው እሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ዲጂ ሃርመኒ የተባለችው መርከብ በብራዚል አቅራቢያ የተቃጠለችው ይህን ኬሚካል ጭና ነው። መጋዘኑን ከ35 ዲግሪ በታች ያቆዩ፤ በርሜሎቹን ከቆርቆሮ ጣሪያ አርቀው፣ በመካከላቸው አየር እንዲያልፍ አድርገው ይደርድሩ።

የውሃ ማጥሪያው አልሙኒየም ሰልፌት አብሮ ቢቀመጥስ?

በፍጹም። እርጥበት ሲያገኘው አሲድነት አለው፤ ከዱቄቱ ጋር ሲነካካ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የተለየ ክፍል ያስፈልጋል። ነዳጅ፣ ቅባትና ቀለምም እንዲሁ፤ እነዚህ ከዱቄቱ ጋር ከተደባለቁ ክብሪት ሳያስፈልግ ሊነዱ ይችላሉ።

የተረፈውን ዱቄት ወደ በርሜሉ ብመልስ?

አይመልሱ። በማንኪያው ላይ ያለ ጥቂት እርጥበት ወይም ቆሻሻ በርሜሉን ሊያበላሽ ይችላል።

1 በመቶ የክሎሪን ብጥብጥ እንዴት ላዘጋጅ?

ለአንድ ሊትር ውሃ 15 ግራም። በፕላስቲክ ባልዲ መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ ዱቄቱ። ዱቄት ላይ ጥቂት ውሃ ማፍሰስ ያግለዋል።

እሳት ከተነሳ በየትኛው ማጥፊያ?

በብዙ ውሃ፣ ከሩቅ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ። አሸዋና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር በመከልከል ነው የሚሠሩት፤ ይህ ግን ኦክስጅኑን ከራሱ ያወጣል። የተለመደው ደረቅ ዱቄት ማጥፊያ አሞኒየም ስላለበት ከክሎሪን ዱቄቱ ጋር አደገኛ ውህድ ሊፈጥር ይችላል። በርሜል ካበጠ፣ ከጋለ ወይም ካጨሰ አይክፈቱት፣ አያንቀሳቅሱት፤ ሰው ያስወጡና እሳት አደጋ ይጥሩ።