ደረሰኙ ከተዘጋ በኋላ ማንም እንዳይጨምርበት፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ላይ ናቸው፣ ዋናው ሪከርድ (ለምሳሌ ደረሰኝ) ከተዘጋ በኋላ ከስሩ ዝርዝር (የዕቃ መስመሮች) እንዳይጨመር እንዴት ይደረግ የሚል። ምሳሌዎቼ በፖስትግሬስ (PostgreSQL ዳታቤዝ) ናቸው።

ጥያቄ፦ ለመድኃኒት አከፋፋይ ሲስተም እየሠራሁ ነው። ደረሰኙ ሲዘጋ "ጨምር" የሚለው በተን እንዲጠፋ አድርጌያለሁ፣ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ። በተኑ የጠፋው ከዛ ስክሪን ላይ ብቻ ነው፣ ነገ ሞባይል አፕ ይመጣል፣ ከኤክሴል የሚያስገባ ስክሪፕት ይመጣል፣ አንዱ ደግሞ ቀጥታ ዳታቤዙ ውስጥ ገብቶ ኢንሰርት ያደርጋል (አዲስ ረድፍ ይጨምራል)። ደንቡ ዳታቤዙ ውስጥ መቀመጥ አለበት። የዝርዝሩ ቴብል ላይ ከኢንሰርት በፊት የሚሠራ ትሪገር (ዳታቤዙ ራሱ የሚያስነሳው ኮድ) ጻፍ፣ የደረሰኙን ስታተስ ያንብብ፣ ተዘግቶ ከሆነ ኤረር ሰጥቶ ይመልሰው።

ጥያቄ፦ በቼክ ኮንስትሬይንት (ረድፍ ሲገባ ዳታቤዙ የሚፈትሸው ሁኔታ) አይሻልም?

መልስ፦ ቼክ የራሱን ረድፍ እንጂ ሌላ ቴብል አያይም። ሌላውን ቴብል የሚያነበውን ፋንክሽን ውስጥ ደብቀው ቼኩ ውስጥ የሚያስገቡት አሉ፣ እባካችሁ ተዉት፣ ባክአፕ ስትመልሱ የተዘጉ ደረሰኞች ዝርዝር በሙሉ አልገባም ሊላችሁ ይችላል።

ጥያቄ፦ ትሪገሩን ጽፌያለሁ፣ ግን አልፎ አልፎ የተዘጋ ደረሰኝ ላይ አዲስ ዕቃ ተጨምሮ አገኛለሁ። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ እህቴ ይሄ ጥያቄ ደስ ብሎኛል፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሳያይ ነው የሚያልፈው። ካሸሯ ዕቃ ስታስገባ ትሪገሩ ክፍት መሆኑን ያያል፣ እሷ ኮሚት ሳታደርግ (ለውጡን ሳታጸድቅ) አካውንታንቱ ደረሰኙን ይዘጋዋል፣ ከዛ የሷም ያልፋል፣ ሁለቱም ደንቡን ሳይጥሱ ሂሳቡ ተበላሸ ማለት ነው። ፎሪን ኪይ (ዝርዝሩን ከደረሰኙ ጋር የሚያያይዘው ደንብ) ዋናውን ረድፍ ይቆልፋል አይደል ይሉሻል፣ ይቆልፋል፣ ግን ዲሊት እንዳይደረግና አይዲው እንዳይቀየር ነው እንጂ ስታተስ መቀየርን አይከለክልም። መፍትሄው ትሪገሩ ውስጥ ስታተሱን የምታነቢበት ሴሌክት መጨረሻ ላይ ፎር ሼር (FOR SHARE፣ ረድፉ እንዳይቀየር የሚይዝ የጋራ ቁልፍ) መጨመር ነው። ያኔ ሊዘጋ የመጣው ኢንሰርቱ ኮሚት እስኪሆን ይጠብቃል፣ መዝጋቱ ከቀደመ ደግሞ ኢንሰርቱ ጠብቆ አዲሱን ስታተስ ያነባል (የፖስትግሬስ ዲፎልት የትራንዛክሽን ደረጃ በሆነው ሪድ ኮሚትድ ላይ ማለቴ ነው)። ፎር አፕዴትም (በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ የሚይዘው ቁልፍ) ይሠራል ግን አንድ ደረሰኝ ላይ አብረው የሚያስገቡ ካሸሮች በከንቱ ይሰለፋሉ፣ ፎር ሼርን ግን አብረው ይይዙታል።

ጥያቄ፦ ኢንሰርት ከከለከልኩ ጨረስኩ?

መልስ፦ አልጨረስክም፣ ከክፍት ደረሰኝ ላይ ያለን መስመር በአፕዴት ወደተዘጋው ማዞር ይቻላል። ትሪገሩ አፕዴትና ዲሊትንም ይያዝ፣ በአፕዴት ጊዜ የድሮውንም የአዲሱንም ደረሰኝ ይፈትሽ።

ጥያቄ፦ ከተዘጋ በኋላ ስህተት ቢገኝስ?

መልስ፦ አትክፈተው፣ የድሮውን ቁጥር የሚጠቅስ ክሬዲት ኖት (ሂሳቡን የሚቀንስ የማስተካከያ ሰነድ) አውጣ፣ የሂሳብ ሰዎች ድሮም የሚሠሩት እንደዛ ነው። አፑ የሚገባበት ዩዘር ደግሞ የቴብሉ ባለቤት እንዳይሆን፣ ባለቤት የሆነ ትሪገሩን ዲሴብል ማድረግ ይችላል።