ታቲን ካየኸው አይቀር ከ1931 ጀምረህ እየው

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ዕድሜዬ 25 ነው። በትያትር ጥበባት ተመርቄ ሥራ ስላጣሁ አባቴ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ በርና ቁም ሳጥን እሠራለሁ። ማታ ማታ የሰፈር ዘበኛ ሆኜ እየተወንኩ ቲክቶክ ላይ እለቃለሁ፤ ደህና ተመልካች አለኝ። በቅርቡ የፈረንሳዊውን ተዋናይና ዳይሬክተር የዣክ ታቲን ፊልሞች አየሁ፣ ሕይወቱንም አነበብኩ። እሱም የቤተሰቡን ሥራ ጥሎ ነው የወጣው፤ ትልቁን ፊልሙን የሠራውም ቤቱን አስይዞ ነው። አባቴ የቤታችንን ካርታ ባንክ አስይዞ ሊበደርልኝ ፈቅዷል። ሥራውን ልተውና የሁለት ሰዓት ፊልም ልሥራ? ወይስ ፈረንሳይ ሄጄ ሲኒማ ልማር?»

ወንድሜ፣ ካርታውን አታስነካ። በሌላው ሁሉ ልንከራከር እንችላለን፤ በዚህ ግን ከእኔ ሌላ መልስ አታገኝም።

ታቲን መምረጥህ ደስ ብሎኛል። መተወንም መምራትም ለሚፈልግ ወጣት የእሱን ያህል የሚያስተምር ሕይወት ብዙ አላውቅም። ችግሩ ታሪኩን ከመጨረሻው መጀመርህ ነው። ሰውየው ቤቱን አደጋ ላይ ሲጥል ዕድሜው ወደ ስድሳ እየተጠጋ፣ ኦስካር ወስዶ፣ ስሙ ዓለምን ዞሮ ነበር። ያ ሁሉ ስም እንኳ አላዳነውም። ለአንተ የሚሆነው ክፍል ከዚያ በፊት ያለው ነው። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ታቲ የተወለደው በ1907 ለ ፔክ በምትባል የፓሪስ አቅራቢያ ከተማ ነው። ቤተሰቡ የሥዕል ፍሬም ሠሪ ነበር። እሱም ሙያውን ተማረ፤ ለልምምድ ለንደን ድረስ ተልኳል። በትርፍ ጊዜው ደግሞ ራግቢ ይጫወታል። ከጨዋታ በኋላ ቡድኑ እራት ላይ ሲሰበሰብ ታቲ ተነሥቶ የዕለቱን ግጥሚያ ያለ አንድ ቃል፣ በሰውነቱ ብቻ ይደግምላቸው ነበር፤ ኳስ ያመለጠውን፣ የወደቀውን፣ ዳኛውን። 

ፍሬሙን ትቶ ወደ መድረክ የወጣው በ1931 አካባቢ ነው፤ ጊዜው የኢኮኖሚ ቀውስ፣ ሥራ የጠፋበት። ሲወጣ ግን እጁ ላይ አንድ ነገር ነበረው። ሰው ፊት ደጋግሞ ሞክሮት፣ ሰው መሳቁን ያየው ትርኢት። ስፖርተኞችን በዝምታ ማስመሰል። እንደዚያም ሆኖ ስሙ መነሣት የጀመረው በ1935 እና በ1936 ነው። ደራሲዋ ኮሌት አይታው ሰውየው በአንድ ጊዜ ፈረሱንም ፈረሰኛውንም መሆን ይችላል ብላ ጻፈችለት። የመጀመሪያ ሙሉ ፊልሙ ፓሪስ ውስጥ የታየው በ1949 ነው። ቁጠረው፤ ከሱቁ እስከ ፊልሙ ወደ 18 ዓመት ነው።

18 ዓመት ጠብቅ እያልኩህ አይደለም። በእነዚያ ዓመታት ምን እንደሠራ ግን እይ። መድረክ ላይ ሠርቶ ኖረ። በሌሎች አጫጭር ፊልሞች ውስጥ ተወነ፤ በ1936 የወጣችውን የቦክስ ቀልድ የመራው ገና ጀማሪ የነበረው ሬኔ ክሌማን ነው። ከጦርነቱ በኋላ ክሎድ ኦታን ላራ በሠራው ፊልም ውስጥ መንፈስ ሆኖ ተጫወተ፣ ቃል የማይናገር። ሚናዋ ቀላል ብትሆንም ከፍሬድ ኦሬን ጋር ያገናኘችው ያቺ ናት፤ ኦሬን የፊልም ሥራን ወጪና አደረጃጀት የሚያውቅ ሰው ነበር፤ የታቲ የመጀመሪያ ሁለት ሙሉ ፊልሞች ፕሮዲውሰር የሆነውም እሱ ነው።

ስለዚህ «ሥራውን ልተው ወይ?» ለሚለው መልሴ፦ ገና ነህ፤ ደግሞም የያዝከው ሥራ እንቅፋት አይደለም። ፊልምና ትያትር ዲኮር ይፈልጋል፤ ዲኮር አናጺ ይፈልጋል። በተመረቅክበት ሙያ በር ቢዘጋብህ በእጅህ ሙያ መግባት ትችላለህ። ትያትር ቤት ወይም የተከታታይ ድራማ ቀረጻ ላይ ሄደህ «ተዋናይ ነኝ» ብትል ካንተ በፊት የተሰለፈው ብዙ ነው። «ዲኮር እሠራለሁ፣ በሁለት ቀን ግድግዳና በር አቆምላችኋለሁ» ብትል ግን የሚያነጋግርህ ታገኛለህ። እዚያ ከገባህ በኋላ መዶሻህን አስቀምጠህ ካሜራው የት እንደሚቆም፣ ረዳት ዳይሬክተሩ ምን እንደሚሠራ፣ ፕሮዲውሰሩ በምን እንደሚናደድ እይ። ያንተ ኦሬን እዚያ አካባቢ ነው ያለው። ከአባትህም ጋር ተነጋገር፤ በሳምንት ሁለት ቀን ልቀቀኝ በለው። ካርታ ሊያስይዝ የፈቀደ አባት ሁለት ቀን አይነሣህም።

አሁን ወደ ዘበኛህ እንምጣ። ደብዳቤህ ውስጥ የወደድኩት እሱን ነው።

ታቲ በመጀመሪያ የፈጠረው ፖስተኛ ነው፤ ስሙ ፍራንስዋ። በቀጥታ ወደ ሁለት ሰዓት ፊልም አልወሰደውም። ለክሌማን የታሰበ አጭር ፊልም ነበር፤ ለክሌማን ሳይመቸው ሲቀር ታቲ ራሱ መራው። ዳይሬክተር የሆነው እንዲህ ነው። አጭሯ በ1947 ወጣች፣ ርዝመቷ ሩብ ሰዓት አካባቢ ነው። ፖስተኛው እንደሚያስቅ ከታወቀ በኋላ ነው ያው ሰውዬ ወደ ሙሉ ፊልም ያደገው፤ «የበዓል ቀን» ብለን ልንተረጉመው እንችላለን። በውስጡ አንድ ቦታ አለች፦ ፖስተኛው አሜሪካኖች ፖስታ እንዴት በፍጥነት እንደሚያድሉ ፊልም አይቶ ጉድ ይላል። ከዚያ በብስክሌት እየበረረ ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ይጠጋል፣ የመኪናውን የኋላ መዝጊያ እንደ ጠረጴዛ ይጠቀማል፣ ሳይወርድ ሳይቆም ደብዳቤዎቹን ማኅተም ይመታል። ሙያ፣ ጥድፊያና ሞኝነት በአንድ ምስል። ብስክሌት፣ መኪና እና ገላውን የሚያዝ ተዋናይ ካለ ሌላ ምን ወጪ አለው?

የተቀረጸው ሴንት ሴቬር በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ነው። ታቲ በጦርነቱ ጊዜ እዚያ አካባቢ ተጠግቶ ስለነበር ሰዉን ያውቀዋል። በ1947 ተመልሶ ሄደና ነዋሪዎቹን ራሳቸውን አሠራቸው። የማውቀውን ሰፈር ልቅረጽ ማለት እንግዲህ የድሃ አማራጭ ሳይሆን የፊልሙ ጉልበት ነበር።

ይህችን ደግሞ ያዝልኝ። ያን ፊልም በአዲስ የቀለም ዘዴ ነበር የቀረጸው፤ ቶምሶን ከለር ይባል ነበር። ቀረጻው አለቀ፤ ፊልሙን ግን በቀለም አጥቦ ማውጣት አልተቻለም። ያዳነው ከቀለሙ ካሜራ ጎን ጥቁርና ነጭ የሚቀርጽ ሁለተኛ ካሜራ ማቆማቸው ነው። ዓለም ያየው ጥቁርና ነጩን ነው። የቀለሙ ቅጂ ለሕዝብ የበቃው በ1995 ነው፤ ልጁ ሶፊ፣ የፊልም ኤዲተር፣ ደክማበት፣ አባቷ ከሞተ ከ13 ዓመት በኋላ። ባልተፈተነ ነገር ላይ ሁሉን መጣል ለታቲም አልሆነለትም፤ መጠባበቂያ ባይኖር የዳይሬክተርነት ሕይወቱ እዚያው ያበቃ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አንተም ዘበኛህን መጀመሪያ በ15 ደቂቃ ፈትነው። ቲክቶክ ላይ የአንድ ደቂቃ ሳቅ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ያው ሰው መነሻና መድረሻ ያለው ሩብ ሰዓት መሸከም ይችል እንደሆነ ግን ገና አታውቅም። አባትህ መርዳት ከፈለገ ካርታ ሳይሆን ጣውላና ሁለት ሳምንት ይስጥህ። የዘበኛውን ማማ ሥራበት። ንግግር አታብዛበት፤ ታቲ ድምፁን ከቀረጻ በኋላ አንድ በአንድ እየለቀመ ነበር የሚገነባው፤ የጫማ ኮቴ፣ የበር ሲጥታ። በርካሽ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ መውጫ ነው፤ መንገድ ላይ የሚያልፍ ታክሲ ጥሩምባ ቀረጻህን አያበላሽብህም።

ሰው ማየትንም ከእሱ ተማር። «አጎቴ» የተባለው የ1958 ፊልሙ፣ ኦስካር ያገኘበት፣ ውስጥ ግቢዋ መሐል የዓሣ ቅርጽ ያለው ፏፏቴ ያላት ሴትዮ አለች። የግቢው ደወል ሲጮኽ ፏፏቴውን ትከፍታለች፤ የመጣው ሰው የማይከበር ሆኖ ሲገኝ ትዘጋዋለች። ስለ ሴትዮዋ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ዘበኛህ በር ላይ ሲቆም እንዲህ ያለ ሰው በቀን ስንት ያያል?

ግን ዘበኛውን ሙያህ አታድርገው። ታቲ በ1953 ሙሴ ኡሎን ፈጠረ፤ ፒፓውን ነክሶ፣ ሱሪው አጥሮበት፣ ወደ ፊት ተደፍቶ የሚራመድ ረጅም ሰውዬ። ሰው ወደደው፤ ከዚያም ሌላ ነገር አንፈልግም አለ። ታቲ እንደ ዳይሬክተር ኡሎን ሊያሳንሰው ሲጥር፣ «ፕሌይታይም» በተባለው በኋለኛው ፊልሙ ውስጥ ኡሎን የሚመስሉ ሌሎች ሰዎችን ሲበትን፣ ተመልካች የመጣው ኡሎን ፍለጋ ነበር። ስለዚህ ከአሁኑ ከዘበኛው ውጭ አንድ ሌላ ሰው መሥራት ልመድ።

ቤቱን አስይዞ የሠራው ፊልም ያልከውም ይኸው «ፕሌይታይም» ነው። ከሁለተኛው ፊልም በኋላ ከኦሬን ተለያይቶ የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ ነበር። በእኔ ግምት የጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ወጪው አልፏል፣ በቃ የሚል ሰው አጠገቡ ጠፋ። ፓሪስ ዳር በብረትና በመስታወት ሙሉ የቀረጻ ከተማ አሠራ፤ ሰው «ታቲቪል» አለው። መንገድ ነበረው፣ የራሱ ኤሌክትሪክ ነበረው። ቀረጻው ከ1964 ጀምሮ እየተቋረጠ ሦስት ዓመት ፈጀ። ገንዘብ ሲያልቅ በራሱ ስም ተበደረ። የድሮ ፊልሞቹን መብትና የቤተሰቡን ቤት አደጋ ላይ ጣለ። በ1967 መጨረሻ ፊልሙ ወጣ፤ ዛሬ የሲኒማ ሰዎች ከታላላቆቹ ይመድቡታል፣ ያኔ ግን ወጪውን አልመለሰም። ቤቱ ሄደ። የፊልሞቹ መብት ለዓመታት ከእጁ ወጣ። ያን የቀረጻ ከተማ ለወጣት ፊልም ሠሪዎች መማሪያ እንዲሆን ተመኝቶ ነበር፤ እሱም ፈረሰ። ከዚያ በኋላ በ1982 እስኪሞት ሁለት ፊልም ብቻ ሠራ፤ የመጨረሻው ለስዊድን ቴሌቪዥን የተሠራ ነው። በሕይወቱ ሙሉ የሠራቸው ሙሉ ፊልሞች ስድስት ናቸው።

አንተ ደግሞ ቤቱ ያንተ አይደለም፤ የአባትህ ነው፣ የእናትህ ነው፣ ታናናሾችም ካሉህ የእነሱም ነው። ብድሩ ሳይከፈል ቢቀር ባንኩ ፍርድ ቤት መቆም አይጠበቅበትም፤ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ሕጉ ይፈቅድለታል። ፊልምህ ተመልካች እስኪያገኝ ደግሞ ወለዱ አይጠብቅም። የታቲ የመጀመሪያ ፊልም እንኳ ተቀርጾ እስኪታይ ወደ ሁለት ዓመት ፈጅቷል።

ስለ ፈረንሳይ ትምህርት፦ ታቲ የሲኒማ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ ይህ ግን አትማር ለማለት አይደለም። ፓሪስ ያለው ፌሚስ የተባለው የሲኒማ ትምህርት ቤት የሚቀበለው በጠንካራ የውድድር ፈተና ነው፣ ትምህርቱም በፈረንሳይኛ ነው። ስለዚህ ከማመልከትህ በፊት ቋንቋውን ጀምር፤ አዲስ አበባ ባለው የፈረንሳይኛ ቋንቋና ባህል ማዕከል፣ በአሊያንስ፣ ማታ መማር ይቻላል። ለማመልከትም ቢሆን የሚያሳይልህ ሥራ ያስፈልግሃልና የ15 ደቂቃዋ ፊልም ትቅደም። ጽሑፏን ስትጨርስ ላክልኝ፣ አነበዋለሁ። አባትህንም ዛሬውኑ አነጋግረው፤ ባንክ ሄዶ ሳይጠይቅ።