መስከረምን አታባክኚው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። ለዓመታት ኬሚስትሪ ባስተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘንድሮ ርዕሰ መምህርት ሆኜ ተመደብኩ። ደስ ብሎኛል፣ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። የቀድሞው ርዕሰ መምህር ተዛውሮ ሄዷል፣ የተረከብኩት ቁልፍና ማህተም ብቻ ነው። አምና አብረን ሻይ ስንጠጣ የነበርን መምህራን አሁን ስገባ ወሬ ያቆማሉ። አንዱ ለቦታው ተወዳድሮ የነበረ ነው፤ በዕድሜም በአገልግሎትም ይበልጠኛል፣ ሰላምታው ቀዝቅዞብኛል። ተማሪውም እንደለመደው እስከ መስቀል እየተንጠባጠበ ነው የሚመጣው። ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ዕቅድ አምጪ ይለኛል። ከየት ልጀምር? በመጀመሪያው የመምህራን ስብሰባስ ምን ልበል?
እህትዎ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። ነሐሴ ሳያልቅ መጻፍሽ ጥሩ ነው፣ ጊዜ አለሽ።

ከየት ልጀምር ላልሽው መልሴ አንድ ነው። ትምህርት በተከፈተበት የመጀመሪያ ቀን፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ፣ መምህር ጠመኔ ይዞ ክፍል ይግባ። ዕቅዱም፣ ክበባቱም፣ የግቢው ቀለም ቅብም ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

የመስከረሙን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ተማሪው “መምህራን አልጀመሩም” ብሎ ይቀራል፣ መምህሩ “ተማሪ አልተሟላም” ብሎ ክፍል አይገባም፣ ሁለቱም መስከረም 17ን ይጠብቃሉ። ከዚያ ሰኔ ሲመጣ የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፎች ሳይነኩ ይቀራሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያለውን ውጤት አይተሽዋል። ከ2014 ዓ.ም ተፈታኞች 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2016ም 5.4 በመቶ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱ አለ፣ የመምህሩ ኑሮ አለ። ይህን ሁሉ አንቺ አትፈቺውም። ልጁ ያልተማረው ምዕራፍ ላይ እንዳይፈተን ማድረግ ግን በእጅሽ ነው፣ እሱም የሚጀምረው ከመስከረም ነው።

ልማዱን በማስታወቂያ አትሰብሪውም። ክፍሉ ውስጥ አሥር ልጅ ቢኖርም መምህሩ ገብቶ ያስተምር፣ የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርትም በመጀመሪያው ፈተና ላይ ይምጣ። የመጣችው ልጅ ማታ ለሰፈሯ ልጆች “ዛሬ ማትስ ተምረናል፣ ኖት ጽፈናል” ካለች በነጋታው ሁለት ሦስት ይዛ ትመጣለች። ዘግይተው የሚመጡትን አታባሪ፣ ግን ለእነሱ ተብሎ ምዕራፍ አንድ እንደገና አይጀመር። ኖቱን ከጓደኛ ይገልብጡ፣ ቅዳሜ ማካካሻ ይማሩ።

ይህ እንዲሆን የክፍለ ጊዜ ድልድሉ በጳጉሜ አልቆ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት። የዲፓርትመንት ተጠሪዎችን ሰብስበሽ አብራችሁ ሥሩት። አንድ ነገር አደራ፦ 9ኛ ክፍልን ለአዲስ ጀማሪና ለተረፈ መምህር አትተይው። በየትምህርት ቤቱ ጎበዝ የተባለው መምህር 12ኛን ይይዛል፣ 9ኛ የትርፍ ክፍል ይሆናል። በታችኞቹ ክፍሎች በአማርኛ ሲማር የኖረ ልጅ 9ኛ ሲገባ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በአንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። የሚጠፋው እዚያ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዳልገባው ተቀምጦ 12ኛ ላይ ጎበዝ መምህር ቢያገኝ ምን ያደርግለታል? ከየዲፓርትመንቱ ቢያንስ አንድ ጠንካራ ሰው 9ኛ ላይ አድርጊ። የሚያኮርፍ ይኖራል፣ ያኩርፍ። የዓርብን ክፍለ ጊዜም ከጁምዓ ሰላት ጋር አስታርቂው፤ መሥሪያ ቤቱ ከ5:30 እስከ 7:30 ዕረፍት የሚወጣው ለዚሁ ነው፣ ልጁም መምህሩም ሲሮጡ እንዳይውሉ።

ርክክቡን በተመለከተ፣ ቁልፍ መቀበል ርክክብ አይደለም። የንብረት ሠራተኛውን፣ የሒሳብ ሠራተኛዋንና አንድ መምህር ይዘሽ መጋዘን ግቢ። ገቢው በሞዴል 19፣ ወጪው በሞዴል 22 (የንብረት ገቢና ወጪ ደረሰኞች ናቸው) ከዕቃው ጋር ይመሳከር። ያልተሠራበት የደረሰኝ ጥራዝ ከቁጥሩ ጋር ይመዝገብ፣ የባንክ ፈራሚም ይቀየር። ቆጥረሽ ያላየሽው ነገር ላይ አትፈርሚ፤ የጎደለው ይጻፍና ደብዳቤ ሆኖ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ይግባ፣ ቅጂው አንቺ ጋ ይቅር።

የሪከርድ ክፍሉን ግን ለማንም አትተይው፣ ራስሽ እይው። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ እኛ ጋ ሲደርስ ደቡብ ወሎ ውስጥ ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘረፈ የምታውቂው ነው። ሮስተር (የተማሪዎች ውጤት መዝገብ) እና የተማሪ ማህደር የጠፋበት ልጅ ዛሬም ትራንስክሪፕት ፍለጋ ሲመላለስ ይውላል። የየትኛው ዓመት ሮስተር እንዳለ፣ የቱ እንደጎደለ በአንድ ወረቀት አስጽፊ፤ ያለውንም ፎቶ አንሥተው ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጡት።

ወደ ተወዳደረው መምህር እንምጣ። ከስብሰባው በፊት ለብቻው አናግሪው፣ ቢሮሽ አስጠርተሽ ሳይሆን ያለበት ሄደሽ። አምና ጋሼ ትይው ከነበረ ዘንድሮም ጋሼ በይው። ስለ ውድድሩ ማስተባበያ አያስፈልገውም፣ ተይው። ሥራ ስጪው፣ ግን የይስሙላ ኮሚቴ አይደለም፤ ለምሳሌ የ9ኛ ክፍልን አጠቃላይ ክትትል፣ ከነሙሉ ሥልጣኑ። ላይቀበል ይችላል። ያኔም በሰው ፊት አትንኪው፣ ጊዜ ስጪው።

ስብሰባው ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። መምህር በእንዲህ ያለ ስብሰባ የሚሰለቸው ንባብ ነው። እጁ ላይ የራሱን ክፍለ ጊዜ የያዘ ወረቀት ይዞ ይውጣ። ምን ልበል ላልሽው፣ እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ፦ “ዘንድሮ እኔን የምትመዝኑኝ፣ ክፍል ስትገቡ ጠመኔና መጽሐፍ አግኝታችኋል ወይ፣ ጉዳያችሁስ ጠረጴዛዬ ላይ አድሯል ወይ በሚለው ነው።” ከዚያም ቃልሽን ጠብቂ። ደመወዝ መጨመር አትችይም፣ የቤት ኪራይም አትከፍዪም። የደረጃ ዕድገት ደብዳቤው ፊርማ አጥቶ እንዳይከርም ማድረግ ግን ትችያለሽ። መምህር ይህን አይረሳም፣ ወሬ ማቆሙንም ያኔ ይተወዋል።

በር ላይ ቁሚ፣ በየቀኑ፣ ከ2 ሰዓት በፊት። ለቁጥጥር ብቻ አይደለም። ኮምቦልቻ ውስጥ ተማሪዎችሽ እነማን እንደሆኑ የምታውቂው እዚያ ነው። ከቃሉና ከአልብኮ ወረዳ ገጠር መጥታ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትማር ልጅ አለች። ስንቋ የሚመጣው በገበያ ቀን ነው፤ በሶ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ። ስንቁ ሲያልቅ ጠዋት ትዘገያለች፣ ወይም ቁርስ ሳትበላ ትመጣለች። ይህችን ልጅ በር ላይ “ዩኒፎርም የለሽም፣ ወላጅ አምጪ” ብሎ መመለስ ማለት ከትምህርት ማስወጣት ነው። አባቷ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ነው ያለው፣ መስከረም ላይ ደግሞ ከአረም ቀና አላለም። የመጀመሪያውን ወር ያለ ዩኒፎርም ትግባ፣ ስሟ ይመዝገብ፣ አንዲት ሴት መምህር ትከታተላት። የከተማው ልጅ ወላጅ ደግሞ ፋብሪካ ወይም ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። ረቡዕ ጠዋት ስብሰባ ጠርተሽ “ወላጅ አይመጣም” አትበዪ። እሑድ ከሰዓት አድርጊው።

ዕቅዱን የፈለገ ጽሕፈት ቤት የአምናውን ዕቅድ ቀን ቀይረሽ ብትሰጪው ይቀበልሽ ይሆናል። አታድርጊው። ሁለት ገጽ ይበቃል፤ ከመስከረም እስከ ጥር በእርግጥ የምትሠሪውን ብቻ ጻፊ።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ይገባል። ትምህርት ቤቱ አዲስ ርዕሰ መምህር መጥቶለታል፣ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ውስጥ ግባ ብለውኛል። እኛን የሚጠሩን ለመዋጮ ብቻ ነው። ምን ይጠቅማል?
አባት፣ ከደሴ ሮቢት

መልስ፦ ይግቡ። ለመዋጮ ብቻ የሚጠሩት ወላጅ ስለ ሌላው ስለማይጠይቅ ጭምር ነው። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የ9ኛ ክፍል መምህራን ተሟልተዋል? መጽሐፍ ለስንት ልጅ አንድ ይደርሳል? አንድ ክፍል ውስጥስ ስንት ልጅ ተቀምጧል? መለኪያው 40 ነው፣ 70 ካሉዎት ወንበሩ ከየት እንደሚመጣ አብረው ይነጋገሩ። መዋጮም ከተጠየቀ ለምን እንደሆነ ይጻፍ፣ ደረሰኝ ይቆረጥ፣ የከፈለውና ያልከፈለው ልጅ እኩል ይመዝገብ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመስቀል በፊት አንድ ቀን ጠዋት ተነሥተው ግቢው ድረስ ይሂዱ። የጦሳ ተራራ ጭጋግ ሳይገፈፍ 2:30 ላይ ክፍሎቹ ውስጥ መምህር ካለ አዲሱን ርዕሰ መምህር አመስግነው ይመለሱ። ከሌለ ቢሮው ገብተው በትሕትና ይጠይቁት፣ በሳምንቱም ተመልሰው ይሂዱ።