የሌሊት ወፍ የታይሮይድ ዕጢና ርቢ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የሌሊት ወፍ የታይሮይድ ዕጢ ምን ይመስላል?

መልስ፦ የየትኛው ዝርያ? በየትኛው ወር የተወሰደ? ከ1,400 በላይ ዝርያዎች ስላሉ ሁለቱ ካልተጠቀሱ የምመልሰው የለኝም።

ጥያቄ፦ የብርድ ወራትን ተኝቶ የሚያሳልፍ ዝርያ ነው፤ ናሙናው የተወሰደው በእንቅልፍ ላይ ሳለ ነው። ህዋሶቹ ጠፍጣፋ ሆነው አየኋቸው፤ ታመው ይሆን?

መልስ፦ አልታመሙም፤ ጥያቄ እንዲህ ሲቀርብ ደስ ይላል። ዕጢው በክብ ከረጢቶች የተሞላ ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ከረጢት ግድግዳ አንድ ረድፍ ህዋስ ብቻ ነው፤ መሀሉን የሚሞላው ታይሮግሎቡሊን የተባለውን ፕሮቲን የያዘው ኮሎይድ የተባለ ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። እንስሳው ሲተኛ ሆርሞን የማምረቱ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ህዋሶቹ ዝቅ ይላሉ፤ መንቂያው ሲደርስ ግን ቁመት ይጨምራሉ፣ ኮሎይዱም ወደ ህዋሶቹ እየተሳበ ስለሚቀንስ ጠርዙ የተበላ ይመስላል። በጠርዙ ብቻ ግን አይፍረዱ፤ ናሙናው ሲዘጋጅ በመኮማተሩም ያው መልክ ሊመጣ ስለሚችል የህዋሱን ቁመት አብረው ይለኩ።

ጥያቄ፦ በከረጢቶቹ መካከል ያሉት ገርጣ ያሉ ህዋሶችስ?

መልስ፦ ሲ ህዋሶች ናቸው፤ ካልሲቶኒን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫሉ።

ሌላ አባል፦ ዕጢው የሚነቃውና እንቁላል የሚለቀቀው በአንድ ሰሞን ከሆነ፣ ርቢውን የሚመራው ታይሮይድ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛ አባል፦ አብረው መምጣታቸው አንዱን የሌላው መንስኤ አያደርገውም። የሙቀትና የምግብ መመለስ ሁለቱንም ሊቀሰቅስ ይችላል።

ሌላ አባል፦ የታይሮይድ ሆርሞን ሲጓደል የብዙ አጥቢዎች ርቢ ይዛባል እኮ!

መልስ፦ ይዛባል፤ ነገር ግን ለርቢ ማስፈለጉና ጊዜውን መወሰኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በቀዝቃዛ አገር የሚኖሩ ብዙ ዝርያዎች ብርዱ ሳይጠና ይገናኛሉ፤ የወንዴው ዘር በሴቷ ማህፀን ውስጥ ለወራት በሕይወት ቆይቶ እንቁላሉ የሚለቀቀው ከእንቅልፍ ስትነቃ ነው። በአውሮፓ የሚገኘው ሚኒዮፕተረስ የተባለው የሌሊት ወፍ ደግሞ ጽንሱን ወዲያው ይፈጥራል፤ የሚዘገየው ጽንሱ ከማህፀን ግድግዳ ጋር መጣበቁ ነው። ስለዚህ በአንዱ ዝርያ የታየውን የህዋስ ለውጥ ለሌላው ርቢ ማብራሪያ አድርጎ መውሰድ ስህተት ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ጊዜ ስንት ትወልዳለች?

መልስ፦ አብዛኞቹ ዝርያዎች አንድ።

ጥያቄ፦ በአጠቃላይ የሌሊት ወፍ ታይሮይድ ንቁ ነው ወይስ ደካማ?

መልስ፦ ዝርያውንና ወሩን ይጥቀሱ ብዬ ከላይ ጽፌያለሁ። ሴት ከሆነች ማርገዟን ወይም ማጥባቷንም ይጨምሩ፤ ያኔ እመልሳለሁ።