መልስ፦ ከመጠለያው በኋላስ?

ሴቶችን ከሴተኛ አዳሪነት ስለሚያወጡ መጠለያዎች ስትጽፊ «ልብስ ስፌት አስተምረው ይሸኟታል፤ በወሩ ተመልሳ ቡና ቤት ትገኛለች፤ ታዲያ ምን ፈየዱ?» ብለሻል። እህቴ፣ እውነት አለሽ፤ ግን በጅምላ አትፍረጂ።

መጀመሪያ ልጅቷን የያዛት ምን እንደሆነ እንይ። አውቶቡስ ተራ ፌስታሏን ይዛ ስትወርድ ደላላው «የአስተናጋጅ ሥራ አለ» ይላታል። ቡና ቤቱ ከገባች በኋላ አልጋው፣ ምግቡ፣ ልብሱ፣ የደላላው ኮሚሽን ሳይቀር ደብተር ላይ ይሰፍራል። ዕዳው አያልቅም። እዚህ ላይ የስፌት መኪና ብቻውን ምን ያደርጋል?

እልልታ የሚባለውን ድርጅት እዪው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ከዚህ ሕይወት መውጣት ከሚፈልጉ ሴቶች ጋር ይሠራል። የምክር አገልግሎት አለው፤ የልጆች ማቆያም አለው። እኔን የሚማርከኝ ይሄ የልጆቹ ነገር ነው፤ ሕፃኗን የምታስቀምጥበት ያጣች እናት ሥልጠናው ቢመጣላትም አትማርም። (ፎቶና ሰርተፊኬት የሚያበዙትንም አውቃቸዋለሁ፤ እነሱን ተያቸው።)

ስለዚህ ገንዘብ ከመላክሽ በፊት «ስንት አሠለጠናችሁ?» አትበያቸው። ከወጣች በኋላ ማን ይከታተላታል? የቤት ኪራይዋንስ የመጀመሪያዎቹን ወራት ማን ይሸፍናል? ይህን ጠይቂ።

ደላላ ቡና ቤት አስገባት ስላልሽኝ የጎረቤትሽ ልጅ ደግሞ፦ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች «ራሷ ፈቅዳ ነው» የሚል ሰበብ አይሠራም። በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ነው። ከደላላው ጋር ግን ብቻሽን አትጋፈጪ፤ ለፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል አመልክቺ።