ማንግሮቭ ጣና ዳር ይሆነኛል?

ጥያቄ፦ ማሳዬ ቁንዝላ አጠገብ፣ ጣና ዳር ነው። ማዕበሉ ዳሩን እየገመሰ ይወስድብኛል። ልጄ በስልኩ ጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅል፣ ዳርቻ የሚጠብቅ፣ ፍየልም የሚበላው ዛፍ አሳየኝ። ችግኙን ከየት ላግኝ?

መልስ፦ ልጅዎ ያሳየዎት ማንግሮቭ ነው። የሰማችሁት ሁሉ እውነት ነው። ቀይ ባሕር ዳር ያለው ዓይነት የጠጣውን ጨው በቅጠሉ ያስወጣል። ቅጠሉን ቀርበው ቢያዩት ነጫጭ የጨው ቅንጣት ተለጥፎበት ያገኙታል። ሥሩ ደግሞ ከጭቃው ወደ ላይ እንደ እርሳስ ብቅ ብቅ ይላል፤ አየር የሚስበው በዚያ ነው። ማዕበሉ እዚያ መሀል ሲገባ ጉልበቱ ይደክማል፣ ደለሉም ይቀራል። ምጽዋ አጠገብ ሕርጊጎ ላይ ጎርደን ሳቶ የሚባሉ ሳይንቲስት ማንግሮቭ አስተክለው ፍየልና በግ እንዲበላው አድርገዋል።

ለእርስዎ ግን አልመክርም። ማንግሮቭ የሞቃት ባሕር ዳር ዛፍ ነው። ጣና ውኃው ጨው የለውም፣ ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ሌሊቱም ይበርዳል። ደግሞም ባዕድ ተክል ጣና ውስጥ ገብቶ ምን እንዳመጣ በእምቦጭ አይተናል። ሁለተኛ አይለመደን።  

ማንግሮቭ ለባሕሩ የሚሠራውን ሥራ ለጣና የሚሠራው ደንገል ነው። ደንገልን የምናውቀው በታንኳ መሥሪያነቱ ነው፤ ዳር ጠባቂነቱን ግን እየረሳነው ነው። ሥሩ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ጭቃውን ጨምድዶ ይይዛል። ጥቅጥቅ ያለው አገዳ ማዕበሉን ይሰብራል፣ ከማሳ የሚወርደውን ደለልም ያጣራል። ባሕር ሸሽ (ውኃው ሲሸሽ የሚታረሰውን መሬት) ለማስፋት ብለው መንጥረውት ወይም አቃጥለውት ከሆነ ዳሩን ክፍት ያደረገው እሱ ነው። እርሻዎን ትንሽ ወደ ኋላ ያፈግፍጉና ቦታውን ለደንገል ይመልሱለት።

አተካከሉ ቀላል ነው። ውኃው ሲሸሽ፣ ጭቃው ከማይደርቅበት ጠርዝ ላይ ይጀምሩ። ከጤናማ ደንገል ሁለት ሦስት ቡቃያ ያለውን የሥር ጉማጅ ቆርጠው ጭቃው ውስጥ ይቅበሩት። ማዕበሉ እንዳይነቅለው ከችካል ጋር አስረው ያቁሙት፤ ቡቃያው ከውኃ በላይ ይሁን። ከብት ከደረሰበት ግን ልፋትዎ ከንቱ ነው፤ ስለዚህ ዙሪያውን አጥር ይሥሩለት። ጎረቤትዎን ቢያስተባብሩ ደግሞ ይሻላል፤ አንድ ሰው ብቻውን ቢተክል ማዕበሉ በጎን ይመጣል። ሲደርስ አገዳውን እያፈራረቁ ይጨዱ እንጂ ሥሩን አይንቀሉ።

ለፍየሎቹም ሰስባኒያ የሚባል የመኖ ዛፍ አለልዎ። ውኃ የሚተኛበትን መሬት ይችላል። ከደንገሉ በላይ፣ በማሳው ጠርዝ ይትከሉት። ሥር እስኪሰድ ታግሠው፣ ከዚያ ቅርንጫፉን እየቆረጡ ከገለባ ጋር ይስጧቸው።